ምርጫ ሲቃረብ ሕጉን መንካት ገደብ የለውም?

ጠያቂ (ከደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሲከነክነኝ የከረመ ነገር ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ 532 ነበር። በ2011 ተሻረና 1162 መጣ። እሱ ደግሞ በ2017፣ ሰባተኛው ምርጫ ከፊታችን እያለ ተሻሻለ። እኛ ሰፈር ምርጫ ያስፈጸሙ ሰዎችን ስትጠይቁ አንዱ የድሮውን ይነግራችኋል፣ ሌላው የአዲሱን። መሻሻሉን አልቃወምም። ግን መቼ እንደሚነካና መቼ እንደማይነካ ወሰን የለውም? ሌላ አገር እንዴት ነው?

የመንዝ ልጅ፦
ሌላው ጋ አለ ወንድሜ። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር የሆነው ኤኮዋስ በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፕሮቶኮል (የጋራ ስምምነት)፣ ምርጫ 6 ወር ሲቀረው አብዛኞቹ የፖለቲካ ተዋናዮች ካልተስማሙ በቀር የምርጫ ሕግ በመሠረቱ አይለወጥም። በሕገ መንግሥትና በምርጫ ሕግ ላይ ምክር የሚሰጠው የአውሮፓው ቬኒስ ኮሚሽን ደግሞ አንድ ዓመት ይላል፤ በተለይ ድምፅ ወደ ወንበር የሚቀየርበትን ሥርዓት፣ የምርጫ ኮሚሽን አባላትንና የምርጫ ክልል ድንበርን። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገብስ ሊሰፈር ሲል ቁናውን የሚቀይር ነጋዴ፣ አዲሱ ቁና ልክ ቢሆን እንኳ ማን ያምነዋል?

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይባልም፦
እኛ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል የሚለው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ስለተጻፈ በቀላሉ አይነካም። በ2007 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር የያዙት በዚሁ ሥርዓት ነው፣ ስለዚህ መርጋት ብቻውን ፍትሕ አይደለም። ቶሎ ቶሎ የሚለወጠው ከሥር ያለው አዋጅ ነው። ለምሳሌ ለአገር አቀፍ ፓርቲ መሥራች አባላት 1,500 ይበቃ የነበረው 10,000 ሆነ፣ ለክልላዊ ደግሞ ከ750 ወደ 4,000። ይህ የጸደቀው በ2011 መጨረሻ ላይ ነው፣ ምርጫው ያኔ ለ2012 ታስቦ ነበር። ገንዘብ የሌለው ትንሽ ፓርቲ ከግሼ እስከ ቡልጋ እየዞረ ፊርማ ሲለቅም ጊዜው ያልቅበታል፣ ስለ ትምህርትና ስለ መንገድ ምን እንደሚያስብ ለሕዝቡ ሊናገር አይደርስም። የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

እህታችሁ ከሸዋሮቢት፦
እኔ ግን አልስማማም። አጣዬ የተቃጠለችው ሚያዝያ 2013 ነው፣ ምርጫው ሰኔ 14። አዋጁ መራጭ በምርጫ ክልሉ 6 ወር የኖረ መሆን አለበት ይላል። ቤቱ ነዶበት የሸሸ ሰው የት ሄዶ ይምረጥ? ሕጉ አይነካም ካላችሁ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው።

የመንዝ ልጅ፦
እህቴ፣ ያልሽው ልክ ነው፣ ግን መፍትሔው ቀድሞ መጻፍ ነው። 1162 ለተፈናቃዮች ልዩ የምርጫ ጣቢያ እንዲቋቋም ይፈቅዳል። ችግሩ ሲደርስ አዲስ ሕግ አይፈለግም፣ ያለውን በሥራ ማዋል ነው። በ2012 ኮሮና ሲመጣ ግን ምርጫ እንዴት እንደሚራዘም በግልጽ የተጻፈ ስላልነበረ ነገሩ ለሕገ መንግሥት ትርጉም ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሄደ፣ ያስከተለውን ጭቅጭቅ ሁላችንም አይተናል።

ጠያቂ፦
ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። እንግዲህ የአንድ ዓመቱ ገደብ በአዋጅ ብቻ ቢጻፍ፣ የሚቀጥለው ምክር ቤት በሌላ አዋጅ ሊሽረው አይችልም? ሕገ መንግሥቱ ውስጥ መግባት ያለበት ይመስለኛል። በዚህ ላይ የምታውቁ ጻፉልኝ።