ማሳወቂያችን ማህተም ይመታበት፦ ለከተማው አስተዳደር የምናስገባው ሐሳብ

ጸሐፊ፦ እንደምን አደራችሁ። ስለ ሰላማዊ ሰልፍ አሠራር የምናስገባው ሐሳብ ሐሙስ ማለቅ አለበት። «ሰልፍ ስንወጣ ፈቃድ በቶሎ ይሰጠን» ብዬ ጀምሬያለሁ። እስኪ አርሙት።

ገንዘብ ያዥ፦ «ፈቃድ» የምትለዋ ትውጣ! የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም ሰልፍ መውጣት መብት ነው ይላል። የ1983ቱ የሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ ቁጥር 3 የሚጠይቀን ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ሰዓቱ ይለወጥ ካለ በ12 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን ጽፎ ይመልሳል። ጭራሽ አይደረግም ማለት ግን አይችልም። እኛው «ፍቀዱልን» ካልን ምን ቀረን?

መምህር፦ ወረቀቱ ላይ ልክ ነሽ። ጣጣው ጠረጴዛው ላይ ነው። አምና ስለ ውኃ ደብዳቤ ይዤ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ልጅቷ ተቀበለችኝና የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠችበት። «ማህተም ምቺልኝ» ስላት «ኃላፊው ሲመጡ» አለች። በሳምንቱ ስመለስ «የምን ደብዳቤ?» ታዲያ 48 ሰዓቱ ከየት ይቆጠራል? የገባበት ቀንና ሰዓት ተጽፎ ቅጂያችን ላይ ማህተም ይመታ። ይኼ ከሌለ ሌላው ወሬ ነው።

ጋሼ፦ ልጆቼ፣ ገበያውን እንዳትረሱ። አንቀጽ 30 ራሱ ሰልፉ የሕዝቡን እንቅስቃሴ እንዳያውክ ሥርዓት ሊወጣለት ይችላል ይላል። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ገብስ ጭኖ የመጣ ገበሬ አህያውን የት ያቁም?

ገንዘብ ያዥ፦ እውነትዎን ነው ጋሼ። አዋጁም በገበያ ቀን ይከለክላል። ግን ክልከላው ለገበያው አካባቢ እንጂ ለከተማው ሁሉ አይደለም። እንደዚያ ብለን እንጻፈው፤ ካልሆነ ቅዳሜን ጠቅልለው ይወስዱብናል።

ጸሐፊ፦ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅስ? ሐምሌ 2015 ክልላችን ላይ እንደታወጀው ዓይነት ቢመጣ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜም የማይነኩ ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ 30 የለም።

ገንዘብ ያዥ፦ የለም። ሊታገድ ይችላል፤ እሱን ማዘጋጃ ቤት አይለውጥልንም። «የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በተነሣ ማግስት ማሳወቂያ መቀበል ይጀመር» የምትል አንድ መስመር ጨምር፣ በቃ።

ጋሼ፦ ለእሑድ ያሰባችኋት አደባባይስ? ከቤተ ክርስቲያን 100 ሜትር መራቅ አለባት።

መምህር፦ ትናንት ከቅዳሴ መልስ ከበሩ ጀምሬ በእርምጃ ለካሁ። 130 ሆነ። የእኔ እርምጃ ግን አጭር ናት፣ አላምናትም።

ጋሼ፦ እኔ ቤት የግንበኛ ሜትር አለ። 50 ነው፤ ሁለቴ እንጎትተዋለን። ነገ ጠዋት ኑ።