ሲጋል ደሴ ላይ በቤት ሶኬት ስንት ሰዓት ይፈጅባታል?

የሆጤው ልጅ፦
ሰላም ያ ጀመዓ። ቢዋይዲ ሲጋል የምትባለውን የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ነው፤ ባለ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪዋን። ቤቴ ሆጤ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። በየቀኑ ሐረጎን መውረድና መውጣት ነው። ሻጩ «ለመሙላት ግማሽ ሰዓት ይበቃታል» ብሎኛል። ጎረቤቴ ደግሞ «ሌሊቱን ሙሉ ሰክተሃት ብታድር እንኳ አትሞላም» ይላል። ማንን ልመን? የምኖረው በኪራይ ነው። ያለኝ ተራ የግድግዳ ሶኬት ነው።

ጢጣ፦
ሁለቱም አልዋሹህም። ግማሽ ሰዓት የተባለው በዲሲ ፈጣን ቻርጀር ነው፤ ያውም ከ30 እስከ 80 በመቶ ላለው። ጎረቤትህ የሚያወራው ስለ ሶኬት ነው። ፈጣን ቻርጀር ካገኘህ መጀመሪያ መሰኪያውን እይ። ከቻይና የመጣችዋ ሲጋል ጂቢቲ የሚባለውን ነው የምትቀበለው። የአውሮፓው አይገባላትም።

ባለ ሽቦው፣ ኮምቦልቻ፦
አብሽር ወንድሜ። ሥራዬ መስመር መዘርጋት ነው፣ የምነዳውም ይችኑ መኪና ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ቮልቱን በአምፔሩ አባዛው። የሶኬት ቻርጀርህ 10 አምፔር ከሆነ በ220 ቮልት 2.2 ኪሎዋት ይሰጥሃል። ሲሞላ የሚባክነው ሲታሰብ ከባዶ እስከ ሙሉ ወደ 20 ሰዓት ነው። 16 አምፔር ከሆነ ወደ 12 ሰዓት ይወርዳል። ግድግዳ ላይ የሚገጠመው ባለ 32 አምፔር በ6 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሳል። ይሄ ሁሉ ግን መብራቱ 220 ከሆነ ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበስል 180 ሲወርድ አይቻለሁ። ያኔ ያቺ 20 ሰዓት 24 ትሆናለች። ጎረቤትህ ይሄን ሳያይ አይቀርም።

አንተ ግን መች ከባዶ ትጀምራለህ? ደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስትወርድ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይመልስልሃል፤ ፔዳሉን ለቀቅ አድርገህ ቆጣሪውን ማየት ደስ ይላል። ማታ ታወራርዳለህ እንጂ። ሁለቱ ከተሞች በከፍታ 600 ሜትር ገደማ ይለያያሉ። መኪናዋን እዚያ ላይ ማውጣት ብቻ 2 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፣ የመንገዱ ሳይቆጠር። ተደማምሮ የቀን ፍጆታህ 6 ወይም 7 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን ነው። ይሄን ያቺው ደካማ ሶኬት በ4 ሰዓት ትተካዋለች። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሰክተህ ተኛ፤ የሰፈሩ ምድጃ ያኔ ጠፍቷል፣ ቮልቱም ይመለሳል።

አንድ ነገር አትርሳ። ጠዋት መቶ በመቶ ሞልተህ ሐረጎን አትውረድ። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ቁልቁለቱ የሚሰጥህን የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ፍሬንህ ብቻውን ይቀራል፣ ይግላል። 90 በመቶ ላይ አቁመው። መቶውን እሑድ እሑድ አድርገው፤ ይሄ የብረት ፎስፌት ባትሪ ስለሆነ አልፎ አልፎ ሙሉ ካልሞላ በመቶኛው ይዋሻል።

የሆጤው ልጅ፦
አላህ ይስጥህ። ሶኬቱስ ይችላል? መኪናዋ የምትቆመው ግቢው በር ላይ ነው፣ በኤክስቴንሽን ልስበው አስቤ ነበር።

ባለ ሽቦው፣ ኮምቦልቻ፦
ኧረ ኤክስቴንሽኑን ተወው! ስንት ቀልጦ ጥቁር የሆነ ሶኬት ቀይሬያለሁ። መኪና እንደ ስልክ አይደለም፣ ሰዓታት ሙሉ ሳያርፍ ነው የሚስበው። ከብሬከሩ ቀጥታ የራሱ መስመር ይውጣለት። ለ16 አምፔር ቢያንስ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ለ32ቱ ደግሞ 6። ኧርዝም (ወደ መሬት የሚገባው የመከላከያ ሽቦ) ይቀበርለት። ብዙ ቻርጀር ኧርዝ ካላገኘ ቀይ መብራት ያበራና ሥራ አልጀምርም ይላል፤ ሰዉ መኪናዋ የተበላሸች ይመስለዋል።

እመት ሰኞ ገበያ፦
ልጆች፣ ምጣዱን ረሳችሁት። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል። የእኛ ቤት ልጁ መኪናውን ሰክቶ እኔ ምጣድ ሳሰማ ብሬከሩ ዱብ ይላል፣ ሊጡ ምጣዱ ላይ ይቀራል። አሁን ተስማምተናል፤ እኔ ቀን እጋግራለሁ፣ እሱ ሌሊት ይሰካል።

ጢጣ፦
እመት እውነትዎን ነው። የሆጤው ልጅ፣ ሻጩ 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብሎህ ከሆነ የቻይና መለኪያ ነው፤ መንገድ ላይ ከዚያ ያንሳል። ለሥራህ አታስብ፣ ይተርፍሃል። አዲስ አበባን ግን በአንድ ቻርጅ አትሞክረው፤ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ መሀል ላይ የጣርማ በር አቀበት አለ።

የሆጤው ልጅ፦
ገባኝ። ነገ አከራዬን አናግራለሁ። መስመሩን በራሴ ወጪ ልዘርጋ፣ ስለቅ ብሬከሩን ለእሳቸው ልተውላቸው ብል እሺ የሚሉኝ ይመስለኛል። ባለ ሽቦው፣ ደሴ ድረስ ትመጣለህ?

ባለ ሽቦው፣ ኮምቦልቻ፦
ቅዳሜ ከሰዓት። ከብሬከሩ እስከ መኪናዋ ማቆሚያ ስንት ሜትር እንደሆነ ለክተህ ላክልኝ፣ ሽቦውን ይዤ እመጣለሁ።