ከጦሳ የወረደ ተህዋስ፦ ደሴ በሦስት ቀን ትለወጣለች?

የጦሳ_ሥር፦ ሰላም ለቤቱ። ደሴ ላይ የሚካሄድ የሳይንስ ልብወለድ እየጻፍኩ ነው። ከጠፈር የመጣ ተህዋስ ጦሳ ተራራ ላይ ያርፋል፤ የያዘው ሰው ወደ ሌላ ፍጥረት ይለወጣል። ረቂቁን ያነበቡት ሁሉ ሦስተኛው ቀን ላይ ይስቃሉ፤ ከተማው በሙሉ ተለውጦ ያድራላ። እንዴት አሳማኝ ላድርገው? ኮምቦልቻስ መቼ ትያዝ?

አቦል_ቶና፦ ቢስቁ አይፈረድባቸውም። አንድ ሰው በአማካይ ለሁለት ቢያስተላልፍና በዙር መካከል 5 ቀን ቢኖር፣ በ50ኛው ቀን አዲስ የሚያዙት 1,024 ናቸው። በ90ኛው ቀን ግን 262 ሺህ! (በወረቀት ነው፤ የሚያዝ ሰው እያለቀ ሲሄድ ይቀንሳል።) ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ ማንም ልብ አይለው፣ ከዚያ በአንድ ወር ይለቅ። ፍጥነቱን እዚያ ታገኘዋለህ።

መተላለፊያውንም «በአየር» ብለህ አትለፈው። ረከቦቱን ተመልከት፦ ከአቦል ወደ ቶና ሲታለፍ ሲኒዎቹ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ለቅለቅ ተደርገው ይመለሳሉ፤ ማን በየትኛው እንደጠጣ የሚያስታውስ የለም። ወዳጃ ላይ፣ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ቡና እየጠጣ ዱዓ በሚያደርግበት፣ ደግሞ አስብበት።

ማይክሮስኮፕ፦ መስፋፋቱ ይሁን፤ እኔን የከነከነኝ ለውጡ ነው። ቫይረስ ካልከው አይሆንም። ቫይረስ የሚራባው የእኛን ሴል አሠራር ተጠቅሞ ነው፤ ከእኛ ጋር ዘር የማይቆጥር ፍጡር ያንን ከየት ያውቀዋል? እንደ ሻጋታ አድርገው፤ ሻጋታ እርጥበትና ምግብ ካገኘ እንጀራው የማን እንደሆነ አይጠይቅም።

ለውጡ ደግሞ ሴሎች የሚታደሱበትን ፍጥነት ይከተል። የአንጀት ሽፋን ከ3 እስከ 5 ቀን፣ ምላስ ላይ ያሉት የጣዕም ሴሎች 10 ቀን ገደማ፣ የላይኛው ቆዳ አንድ ወር ገደማ፣ ቀይ የደም ሴል 120 ቀን፤ አጥንት 10 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። እንግዲህ መጀመሪያ ሆድ ይላወሳል፤ ሰውየው ጃርዲያ ነው ብሎ ያልፈዋል። በሳምንት በአሥር ቀኑ «ሽሮው ጨው የለውም» እያለ ቤት ይበጠብጣል። ቆዳው ገና በወሩ ነው። የአንጎል ነርቮች አብዛኞቹ ስለማይታደሱ አእምሮው የራሱ ሆኖ ይቆያል፤ አንተ ግን ከሁሉ አስቀድመህ የወሰድክበት እሱን ነው መሰለኝ።

ቦርከና_ዳር፦ ሻጋታ ካልነው «ውሃ አፍልተው አይገድሉትም?» ባይ አይጠፋም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ1,800 ሜትር ትንሽ ከፍ የምትለው ኮምቦልቻ ላይ 94 ገደማ። ተህዋስህ እስከ 93 የሚችል ይሁን፤ የፈላ ውሃ ደሴን አያድናትም፣ ኮምቦልቻን ግን ያድናታል። መድረሱንስ ይደርሳል፤ የቦርከና ወንዝ ቁልቁል ብቻ ነው የሚወስደው፣ ሚኒባሱ ግን 25 ኪሎ ሜትሩን ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ይውላል።

አመጣጡን በ1875 ዓ.ም. ጅራታም ኮከብ ብታደርገውስ? አፄ ዮሐንስ እዚህ ሰፍረው ሳለ አይተውት ነው ደሴን የሰየሟት ይባላል። ኮከቡ ፀሐይን ታክኮ ሲያልፍ ተሰባብሯል። «ተመልሶ መጣ» እንዳትል ብቻ፤ ስብርባሪው ከ600 ዓመት በፊት አይመለስም። አቧራው አፈር ውስጥ ቆይቶ ለአንቴና መሠረት ሲቆፈር ይውጣ።

የጦሳ_ሥር፦ 93ቱን ወሰድኩት። ግን ሲኒው የሚለቀለቀው በቀዝቃዛ ውሃ አይደል? ኮምቦልቻ እንዴት ትድናለች?

ቦርከና_ዳር፦ መጀመሪያ ላይ አትድንም። ሲኒውን እንደ ጡጦ ድስት ውስጥ የሚቀቅል ቤት ብቻ ይተርፋል። ድስቱን ቀደም ብለህ በአንድ ቤት አሳየን፣ ምክንያቱን ሳትነግረን።