የድሮ የድንጋይ ግድግዳ ልስኑን እየጣለ ነው፤ በሲሚንቶ ልድገመው ወይስ በኖራ?

ማሂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ገዝተን የገባንበት ቤት የድሮ የድንጋይ ቤት ነው። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ክንድ ከስንዝር ይሆናል። ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ውስጡንም ውጭውንም በሲሚንቶ አስለስነው የፕላስቲክ ቀለም ቀብተውታል። አሁን ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ ቀለሙ እያበጠ ይላጣል። ልስኑን ሳንኳኳው ባዶ ድምፅ ያሰማል። ከሥሩ ነጭ ዱቄት ይወጣል፤ ስጠርገው ተመልሶ ይመጣል። አይቶ የሄደ ባለሙያ «ውሃ የማያሳልፍ ኬሚካል ቀብተን በሲሚንቶ እንደግመዋለን» አለኝ። ሌላው ደግሞ «እንዲህ ዓይነት ቤት በኖራ ካልሆነ አይሆንም» ይላል። ማንን ልስማ? ኖራ ዛሬም የሚያዋጣ ነገር ነው ወይስ የድሮ ናፍቆት?

ቱምቢ፦
ማሂ ልጄ፣ ኬሚካሉን ለጊዜው አስቁሚው። ከኖራና ከሲሚንቶ በፊት ሌላ ጥያቄ አለ። ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? ቤቱን በውጭ በኩል ዙሪው። የጣሪያው አሸንዳ ያፈሳል? የውሃ መውረጃው ግድግዳው ሥር ነው የሚደፋው? የውጩ መሬት ከውስጡ ወለል ከፍ ብሏል? የድሮ ቤት ዙሪያ አፈር እየተከመረ፣ ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየተደረበ ይሄዳል፤ ሰው ልብ አይለውም። የውጩ መሬት ከውስጡ ወለል ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ይህን ሳታስተካክዪ በወርቅ ብታስለስኚውም ይወድቃል።

የኬሚስትሪ መምህር፦
ነጩ ዱቄት ጨው ነው። ውሃ ከመሬት ተነስቶ በጥቃቅን ቀዳዳዎች እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ከአፈሩና ከግንቡ የሟሟ ጨው ይዞ ነው። ግድግዳው በኖራ ወይም በጭቃ የተለሰነ ቢሆን ውሃው ልስኑን አልፎ ይተናል። ሲሚንቶውና የፕላስቲክ ቀለሙ ግን መውጫውን ዘግተውበታል። ስለዚህ ጨዉ ከልስኑ ጀርባ ይጠራቀማል። ሲጠጥር ደግሞ ቦታ ይፈልጋል፤ ልስኑን ይገፋዋል። ባዶ ድምፁ ከዚህ የመጣ ነው። ኬሚካሉን ብትቀቢ ውሃው አይጠፋም፤ ከወገብ አልፎ ትከሻ ይደርሳል።

ጨዉን በውሃ አትጠቢው። ይሟሟና ተመልሶ ይገባል። በደረቅ ብሩሽ ጥረጊው፤ ጠራርገሽም ከግድግዳው አርቀሽ ድፊው።

ኢንጅነሩ፦
እስቲ ሲሚንቶንም እንዲህ አታሳጡት። በብሎኬት ለተሠራ ቤት ጥሩ ልስን ነው። ችግሩ ከታች ካለው ግድግዳ ጋር አለመስማማቱ ነው። ልስን ከተለሰነበት ነገር የጠነከረ መሆን የለበትም፤ ግድግዳው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ለስላሳው አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ግትሩ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ዝናብ ይገባል፤ ከገባ በኋላ መውጫ የለውም።

«ኖራ ደካማ ነው» የሚለውንም ወሬ አልቀበለውም። ጆሴፍ አስፕዲን የፖርትላንድ ሲሚንቶን ፓተንት ያወጣው እንግሊዝ አገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1824። ከዚያ በፊት የሰው ልጅ በምን ገነባ? በኖራ፣ በጭቃ፣ በጂፕሰም። ሮማ ያለው የጥንት ቤተ መቅደስ፣ ፓንተዮን፣ ጉልላቱ ወርዱ 43 ሜትር ነው። ውስጡ የብረት ማጠናከሪያ የለውም። ከኖራና ከእሳተ ገሞራ አመድ በተሠራ ኮንክሪት 1900 ዓመት ገደማ ቆሟል።

ማሂ፣ ድንጋዩ በምን እንደተያያዘ ሳናውቅ ግን ሁላችንም እየገመትን ነው። ልስኑ በወደቀበት በኩል ከሁለት ድንጋይ መሃል ጥቂት ፈልፍለሽ አውጪ። አንዱን ቁራጭ ውሃ ውስጥ ጣዪው። ፈርሶ ውሃውን ካደፈረሰው ጭቃ ነው። ቅርጹን ይዞ ከቆየ ኖራ ወይ ሲሚንቶ ነው። ሌላው ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጊበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ ሊሆን ይችላል። አሸዋው ራሱ ከኖራ ድንጋይ የመጣ ከሆነም አረፋ ያወጣልና በዚህ ብቻ አትፍረጂ። የድሮ ኖራ ነጣ ያለ ነው፣ በጥፍር ይፋቃል። ሲሚንቶ ግራጫ ነው፣ ጥፍር አይነካውም።

ማሂ፦
ሞከርኩት። ውሃው ውስጥ ወዲያው ፈረሰ። ኮምጣጤውም አረፋ አላወጣም። ጭቃ ነው ማለት ነው። ጋሽ ቱምቢ እንዳሉትም በአንድ በኩል የውጩ መሬት ከውስጡ ወለል ከፍ ብሎ አገኘሁት። በዚያ ላይ ዙሪያውን ሲሚንቶ ተነጥፎበታል። አሁን ልስኑን በሙሉ ላስነሳው? ግድግዳው አብሮ ቢናድብኝስ?

ቱምቢ፦
መፍራትሽ ተገቢ ነው። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ በማሽን አይመታም፤ ንዝረቱ ድንጋዩን ያላላዋል። ትንሽ መዶሻና መሮ ይበቃል። ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ብቻ አንሺ፤ ያ በቀላሉ ይነሳል። ድንጋዩን ይዞ የሚመጣ፣ የጠበቀ ልስን ካጋጠመሽ ተዪው። አንዱን ጎን ጨርሰሽ ነው ወደ ሌላው የምትሄጂው። የታጠፈ፣ ሆዱ የወጣ ወይም ማዕዘን ላይ የተሰነጠቀ ግድግዳ ካለ ግን እጅሽን አታስገቢ፤ መጀመሪያ የግንባታ መሐንዲስ ይየው።

ከተነሳ በኋላ ቶሎ አትለስኚው። ወፍራም ግድግዳ ለመድረቅ ወራት ይፈልጋል። መስኮት ክፈቺ፣ ታገሺ። ሁሉም ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ በመሃል ልግባ። ኖራው ውስጥ ትንሽ ሲሚንቶ ጣል ቢደረግስ? ቶሎ እንዲይዝ።

ኢንጅነሩ፦
አይመከርም። ትንሹ ሲሚንቶ ኖራውን በደንብ አያጠነክረውም፤ የሚተነፍስበትን ቀዳዳ ግን ይደፍነዋል። ቶሎ እንዲይዝ ከተፈለገ በተፈጥሮው ሃይድሮሊክ የሆነ ኖራ አለ፤ ውሃ ውስጥም ይጠጥራል። ወይም በዝቅተኛ ሙቀት የተተኮሰ የሸክላ ጡብ ደቁሶ መጨመር ይቻላል። ሮማውያንም የተደቆሰ ሸክላ ይጠቀሙ ነበር።

ጭቃ ሹም፦
ሁላችሁም ስለ ኖራ ታወራላችሁ፤ ግድግዳው እኮ ጭቃ ነው! ለውስጡ ቢያንስ የመጀመሪያው ልስን ጭቃ ቢሆን እመርጣለሁ። ዓይነቱ ከግድግዳው ጋር አንድ ነው፣ እርጥበት ይቀበላል፣ ይመልሳል።

አፈርሽን እንዲህ ፈትሺው። ከላይ ያለውን ሥር የበዛበት ጥቁር አፈር ትተሽ ከሥሩ ውሰጂ። የመስታወት ማሰሮ አንድ ሦስተኛውን ሙዪ፣ ውሃ ጨምረሽ ከድነሽ በደንብ ናጪው፣ አስቀምጪው። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይወርዳል። ደቃቁ አፈር ሰዓታት ይወስዳል። ሸክላው መጨረሻ ነው የሚረጋው፤ አንዳንዴ በማግስቱም ውሃው አይጠራም። የሚያጣብቀው ሸክላው ነው፤ ሲደርቅ የሚኮማተረውና የሚሰነጠቀውም እሱ ነው። ስለዚህ አሸዋ ትጨምሪበታለሽ፤ ጭድ ደግሞ ስንጥቁን ይይዘዋል። ስንት ለስንት አትበዪኝ፤ አፈር ከአፈር ይለያያል። የተለያየ መጠን አቡክተሽ ግድግዳው ላይ ትንንሽ ናሙና ለስኚ። ሲደርቁ ያልተሰነጠቀውንና በእጅ ሲታሽ የማይረግፈውን ምረጪ። ጭዱን የጨመርሽበትን ጭቃ ሸፍነሽ ለጥቂት ቀናት ብታስቀምጪው ይበልጥ ይለዝባል።

ጭቃን የሚንቅ ሰው ማሊ ውስጥ ያለውን የጄኔ መስጊድ ይይ። የአሁኑ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1907 የተሠራ የጭቃ ጡብ ነው። ሕዝቡ በየጊዜው ወጥቶ ይለስነዋል፤ ከግድግዳው ወደ ውጭ የተሰኩት እንጨቶች ለዚያ ሥራ መወጣጫ ናቸው።

ኢንጅነሩ፦
በውስጡ እስማማለሁ። ዝናብ ፊት ለፊት በሚመታው የውጭ ግድግዳ ላይ ግን ኖራ ይሻላል።

ጭቃ ሹም፦
ኖራ ለስላሳ ጭቃ ላይ ቀጥታ አይዝም፤ ተገንጥሎ ይወርዳል። ልስን የሚይዘው ድንጋዩን ነው። ስለዚህ በመገጣጠሚያው ያለውን ጭቃ ወደ ውስጥ ትንሽ ፈልፍዪና ኖራውን እዚያ አስገቢው። ከዚያ በላዩ ለስኚ።

የኬሚስትሪ መምህር፦
ኖራ ከሆነ መጀመሪያ ዓይንሽን ጠብቂ። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ውሃ ያልጠጣ ኖራ ይቀራል። እሱ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ያቃጥላል። ስለዚህ ውሃ የጠጣውን ገዝተሽ ተጠቀሚ። ያልጠጣውን የግድ የምትጠቀሚ ከሆነ ኖራውን ውሃው ላይ ጥቂት በጥቂት ጨምሪ እንጂ ውሃውን ኖራው ላይ አትድፊ። የጠጣውም ቢሆን ቆዳ ይበላል፤ ጓንትና የዓይን መነጽር ግዴታ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ብዙ ንጹህ ውሃ አፍስሺበት፣ ወዲያውም ሐኪም ጋ ሂጂ።

መጠኑ በተለምዶ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ነው። አሸዋው ታጥቦ የጸዳ፣ ቅንጣቱ ሸካራና የተለያየ መጠን ያለው ይሁን። ግድግዳውን አስቀድመሽ አርጥቢው። በአንድ ጊዜ ከ10 ሚሊ ሜትር አታብልጪ፤ ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያው ከጠነከረ በኋላ ነው። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ እየወሰደ ነው፤ ለዚህም ትንሽ እርጥበት ይፈልጋል። ፀሐይና ነፋስ ካደረቁት ዱቄት ይሆናል። እርጥብ ጆንያ ጋርጂበት፣ ቀን ቀን ውሃ እርጪው።

ማሂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ልስኑን ከመንካቴ በፊት ከውጭ ያለውን ንጣፍ ላስነሳና አፈሩን ዝቅ ላድርግ። ከዚያ ቦይ ቆፍሬ ጠጠር ብሞላበት ይሆናል?

ቱምቢ፦
ይሆናል፤ ግን በጥንቃቄ። የድሮ ቤት መሠረት ብዙ ጊዜ ጥልቀት የለውም። መጀመሪያ አንድ ቦታ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍረሽ የመሠረቱ ድንጋይ የት እንደሚያልቅ እዪ። ከዚያ በታች አንድ ጣት እንኳ አትቆፍሪ። ቦዩን ከግድግዳው ራቅ አድርጊው፤ ወደ ዝቅተኛው ቦታም ዘንበል ይበል፤ አለዚያ የውሃ ገንዳ ነው የምትሠሪው። በክረምት አትጀምሪው። ቤቱን በሙሉ በአንድ ጊዜም አትክበቢው፤ ጥቂት ሜትር ቆፍረሽ፣ በጠጠር ሞልተሽ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው።

ለውስጡ ሲያልቅ የፕላስቲክ ቀለም የሚባል ነገር እንዳይደርስበት። በውሃ የቀጠነ ኖራ በሳሳ በሳሳው ደጋግመሽ ቀቢው።