ክርክር፦ በኤአይ ዘመን የቤት አሳይመንት ማርክ ይያዝበት?

አወያይ፦ ቻትጂፒቲ የተባለው፣ ሲጠየቅ ጽሑፍ የሚጽፍ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከወጣ ወዲህ ተማሪ ቤቱ ጽፎ የሚያመጣውን ሥራ ማመን ከባድ ሆኗል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ወረቀትና እስክሪብቶ እየተመለሱ ነው። ሌሎች ጽሑፉን በኤአይ መለያ፣ ማለትም ሰው ይጻፈው ኤአይ እለያለሁ በሚል ሶፍትዌር ያጣራሉ። እናንተስ?

መምህር፦ ለእኔ የቤት አሳይመንት ማርክ መቅረት አለበት። የሚደርሰኝ ጽሑፍ አንድ የፊደል ግድፈት የለበትም። ባለቤቱን ጠርቼ «ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ያልከውን እስቲ በራስህ አባባል ንገረኝ» ስለው ዝም ይላል። ያላነበበውን ነው ያስረከበኝ። ነገ ይህ ልጅ ድልድይ ይሠራል፣ በሽተኛ ያክማል። በዚህ ማርክ ሰጥቼ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ተማሪ፦ መምህር፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን በጅምላ ሲጠረጠር ንጹሑም አብሮ ይመታል። እኔ በሁለተኛ ቋንቋዬ ለፍቼ የጻፍኩትን ሶፍትዌሩ «የኤአይ ነው» ብሎ ለክስ ዳርጎኛል። ያዳነኝ በጉግል ዶክስ መጻፌ ነው። መግቢያውን ሰርዤ እንደገና የጀመርኩበት፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር አሥሬ ያገላበጥኩበት ሁሉ እዚያው ተመዝግቦ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 7 መለያዎችን ፈትነው ነበር። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ተፈታኞች ራሳቸው ከጻፏቸው ድርሰቶች በአማካይ ከግማሽ በላዩን የኤአይ ነው ብለዋል! ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ እንኳ የራሱን መለያ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አንስቶታል። ምክንያቱ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ መሆኑ ነው። ታዲያ በዚህ መሣሪያ ሰው ከትምህርት ይባረራል?

መምህር፦ አይባረርም፤ በመለያው ጉዳይ ካንቺ ጋር ነኝ። እኔ የምለው በቃል እንጠይቅ ነው።

ኦንላይን የተማረች፦ በቃል ማለት ቀላል ነው። 200 ተማሪ ያለበት ክፍል ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ ቢሰጥ 50 ሰዓት ነው። ያውም ለአንድ ኮርስ። ማን ይችለዋል? ደግሞ ሁሉም ነገር ወደ አዳራሽ ይመለስ ከተባለ እኔን የመሰለች፣ ሥራና ልጅ ያላት ሴት መማሯ ቀረ ማለት ነው። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ጆርጂያ ቴክ እ.ኤ.አ. በ2014 የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርሱን ከ7,000 ዶላር ባነሰ ክፍያ በኦንላይን ሲጀምር ስንቱ ከሥራው ሳይለቅ የመማር ዕድል አገኘ። አጭበርባሪ ለመያዝ ብለን ይህን በር አንዝጋ።

መምህር፦ በሩ አይዘጋም፣ በቪዲዮ ጥሪም መጠየቅ ይቻላል። የ50 ሰዓቱ ነገር እውነት ነው። ለዚህ ነው ጥያቄው የበጀትም ነው የምለው። ዩኒቨርሲቲዎች ለማይታመን ሶፍትዌር የሚከፍሉትን ለረዳት መምህራን ይክፈሉ። ሁሉንም አሳይመንት በቃል መፈተንም አያስፈልግም። በሴሚስተር አንድ ትልቅ ሥራ ይመረጥና ማርኩ በእሱ ይያዝ፤ ሌላው ለልምምድ ይሁን።

ሶፍትዌር ሠራተኛ፦ ኤአይን መከልከልስ ምን ይጠቅማል? ሥራ ላይ በየቀኑ እንጠቀምበታለን። ተማሪው ተጠቅሞ የት ላይ እንደተሳሳተ ያሳይ።

መምህር፦ ስህተቱን የሚያየው መጀመሪያ ትምህርቱን ሲያውቅ ነው፣ ወንድሜ። አንደኛ ዓመት ላይ ይህን አልቀበልም። አራተኛ ዓመት ላይ ግን ደስ ይለኛል።

ተማሪ፦ በቃል መጠየቁን እቀበላለሁ፣ ግን ሰው ፊት ስቀርብ ከሚንተባተቡት ነኝ። ስለዚህ ጥያቄው ከራሴ ወረቀት ይውጣ፣ ረቂቆቼም አብረው ይታዩልኝ። ማርኩ ላይ ካልተስማማሁም ሌላ መምህር ደግሞ ይጠይቀኝ።