ድሬዳዋ ላይ ለሚሠራ ቤት የቱ መስኮት ይሻላል? አልሙኒየም፣ ፒቪሲ (ፕላስቲክ) ወይስ ብረት?

(የመድረክ ውይይት ነው፤ ከየመልእክቱ በላይ ያለው የጸሐፊው መጠሪያ ነው።)

የሳቢያን ቤት

ሰላም ለሁላችሁ። ሳቢያን የሚሠራ ጂ ፕላስ ዋን ነው። ግድግዳው ባለ 20 ብሎኬት፣ ልስኑ ገና ነው። ክፍተቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ሳሎን 2.40 በ1.50 ወደ ምዕራብ የሚያይ፤ አራት መኝታ ቤት 1.40 በ1.20፣ ሁለቱ ወደ ምሥራቅ ሁለቱ ወደ ሰሜን፤ ማድ ቤት 1.20 በ1.00፤ ሁለት መታጠቢያ ቤት 60 በ60።

ሦስት ዋጋ ቀርቧል። አንዱ ተንሸራታች አልሙኒየም፣ የፍሬሙ ውፍረት 1.2 ሚሊ፣ ሁለተኛው የቱርክ ፒቪሲ ባለ ድርብ መስታወት፣ ሦስተኛው ኤልቲዜድ ብረት (በኤል፣ በቲና በዜድ ቅርጽ የወጣ የመስኮት ብረት) ከነግሪሉ። የፒቪሲው ሻጭ «ድርብ ስለሆነ ሙቀት አይገባም» ይላል፤ ዋጋው ግን ከሁሉም ይወደዳል። ኤሲ የታሰበው ለሳሎን ብቻ ነው። ገንዘቡ ብራንዱ ላይ ይዋል ወይስ መስታወቱ ላይ?

የምዕራብ ፀሐይ

አቦ፣ ሻጩ ያለህ ነገር ለብርድ አገር ነው የሚሠራው። መስታወት ሙቀት የሚያስገባው በሁለት መንገድ ነው፤ በውጭና በውስጥ አየር ልዩነት፣ እና በቀጥታ ፀሐይ። ነጠላ 4 ሚሊ መስታወት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት በካሬ ሜትር 5.8 ዋት ገደማ ያሳልፋል፣ በመካከሉ 12 ሚሊ ክፍተት ያለው ድርብ ደግሞ 2.8 ገደማ። ፀሐይዋን ስንመጣ ግን ነጠላው 85 በመቶ፣ ድርቡ 75 በመቶ ያህሉን ያስገባታል።

ሳሎንህ ላይ አስላው። መስኮቱ 3.6 ካሬ ነው። ውጭው 38 ዲግሪ፣ ውስጡ በኤሲ 28 ቢሆን በመጀመሪያው መንገድ ድርቡ የሚያተርፍልህ 108 ዋት ነው። ከሰዓት በኋላ መስታወቱን በካሬ 600 ዋት ፀሐይ ብትመታው በነጠላው 1,836፣ በድርቡ 1,620 ዋት ይገባል። ሁለቱንም ደምረህ ያተረፍከው 324 ዋት ነው፤ ከውጭ የሚጋርድ ነገር ግን አብዛኛውን ያስቀረዋል። ከዚራ ሰፈር ያሉት የባቡር ዘመን ቤቶች መስኮታቸው ላይ አየር የሚያሳልፍ የእንጨት መዝጊያ ያደረጉት ለጌጥ አይደለም። መጋረጃ ከውስጥ ብትሰቅል ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ገብቷል፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ከላይ የሚወጣ ጥላም ምዕራቡን አያድነውም። የሰሜኑን ግን 60 ሳንቲም ጥላ ይበቃዋል፤ በሰኔ እኩለ ቀን ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ብታዘነብልም 76 ዲግሪ ከፍታ ላይ ናት።

ኤሲ ለሌላቸው መኝታ ቤቶች ድርብ መስታወት በከንቱ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ማታ የሚያበርዳቸው የሚገባው አየር ነው። ባለ ሁለት ክንፍ ተንሸራታች የሚከፈተው ግማሹ ብቻ ነው፣ በማጠፊያ የሚከፈተው ግን ሙሉው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ምዕራቡ ላይ ጥቁር ወይም ነሐስ ቀለም ያለው መስታወት ካደረግህ ጠርዙ የተሞረደ ወይም ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) ይሁን። ባለ ቀለም መስታወት ሙቀት ይመጥጣል፤ ግማሹ ጥላ ግማሹ ፀሐይ ሲሆን በመቁረጫ ከተሸረፈው ጠርዝ ጀምሮ ይሰነጠቃል፤ ማንም ሳይነካው።

ካሊፐር

ስለ ብራንድ። ፊራትፔን፣ ፒማፔን፣ ዊንሳ፣ ረሃው፣ ቬካ የሚባለው የፕሮፋይሉ፣ ማለትም ፍሬሙ የሚቆረጥበት ረጅም ዘንግ፣ ስም ነው። መስኮቱን ቆርጦ የሚገጣጥመው ወርክሾፕ ሌላ ነው፤ ጥሩ ፕሮፋይል በመጥፎ እጅ ሲበላሽ ማየት አዲስ አይደለም። ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ከሚጠቀሙበት ፕሮፋይል 20 ሳንቲም ቁራጭ አስቆርጠህ ለካ።

ፒቪሲ ከሆነ በአውሮፓው ኢኤን 12608 ደረጃ የሚታየው የፕሮፋይሉ የውጭ ግድግዳ ለምድብ ኤ ቢያንስ 2.8 ሚሊ፣ ለምድብ ቢ 2.5 ነው። በዚያው ደረጃ የአየር ጠባይ ምድብ አለ፤ ኤም ለመለስተኛ ፀሐይ፣ ኤስ ለከባድ ፀሐይ። ለድሬ ኤስ ያልሆነውን አትቀበል፤ ይቢጫል፣ ቆይቶም ይሰባበራል። በሆዱ ውስጥ የገባ ጋልቫናይዝድ ብረት መኖሩን በዓይንህ እይ፤ ብረት የሌለው 2.40 ሲጎብጥ ክንፉ ቦታውን ይስታል። ቀለሙ ነጭ ይሁን። ጠቆር ያለ ፕሮፋይል ፀሐይ ላይ በጣም ይግላል፣ ፒቪሲ ደግሞ 80 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። ሙቀት ሲጨምርም ይረዝማል፤ ለ2.40 ርዝመት በ35 ዲግሪ ልዩነት 6 ሚሊ ያህል። አልሙኒየም በዚያው ልዩነት 2 ሚሊ ነው። ስለዚህ ለፒቪሲ በየጎኑ ቢያንስ 5 ሚሊ ክፍተት ተትቶ በፎም ይሞላል፤ በሲሚንቶ ጥርቅም ከተደረገ መሄጃ አጥቶ ይጎብጣል።

አልሙኒየም ከሆነ 1.2 ለመኝታ ቤቱ ይበቃል፤ ለሳሎኑ ግን ዙሪያውና ክንፎቹ የሚገናኙበት ቋሚ 1.6 ይሁን። ስትለካ ቀለሙን ቀንስ፤ የዱቄት ቀለም በየገጹ ከ60 እስከ 80 ማይክሮን ስለሚሆን «1.4» የተባለው ሲለካ ብረቱ ራሱ 1.25 ገደማ ሊሆን ይችላል። የሳሎኑ ክንፍ በ6 ሚሊ መስታወት 27 ኪሎ ይመዝናል (1.8 ካሬ፣ በካሬ 15 ኪሎ)። ለዚህ የፕላስቲክ ጎማ አይሆንም፣ ኩሽኔት ያለው ይግባ።

ሁሉንም የሚያበላሸው ግን ገጠማው ነው። ብሎኬት ሆዱ ባዶ ስለሆነ ፊሸር (ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ) አይዝም። ልስን ሳይጀመር የክፍተቱን ጎንና ጎን ያሉትን ቀዳዳዎች በኮንክሪት አስሞላ። ብሎኑ ከማዕዘኑ 15 ሳንቲም ገባ ብሎ ይጀምርና በየ60 ሳንቲሙ ይሁን፤ ዝገት የማይዘው ብሎን ብቻ። ተራ ብረት ከአልሙኒየም ጋር ሲገናኝና እርጥበት ሲነካው አልሙኒየሙ ይበላል። ልስን ከመጠናቀቁ በፊት አልሙኒየም አታስገጥም፤ እርጥብ ሲሚንቶ ገጹን ያቃጥለዋል፣ ምልክቱም አይለቅም። መከላከያ ፕላስቲኩን ደግሞ እንደጨረስክ ላጥ፤ ፀሐይ ላይ ከቆየ ሙጫው ይጋገራል።

ኤልቲዜድ

ብረቱን ለምን ዘነጋችሁት? ለመታጠቢያ ቤትና ለማድ ቤት ይበቃል፤ ግሪሉም አብሮት ይበየዳል። ብረት በሙቀት የሚረዝመው ከመስታወት ጋር ስለሚቀራረብ መስታወቱን አያስጨንቅም። የሚያጠፋው የታችኛው ማዕዘን ነው። ብየዳው ሳይሞረድ ቀለም ከተቀባ ውኃ እዚያ ይተኛል፣ ዝገቱም ከዚያ ይነሣል። ሞርደህ፣ አንቲረስት ሁለት ጊዜ ቀብተህ፣ መስታወት የሚቀመጥበትን ቦይ ጭምር፣ ከዚያ ስቱኮው። ስቱኮ ፀሐይ ላይ ዘይቱ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና እሱንም በቀለም ሸፍን። እውነቱን ለመናገር አቧራ አይከላከልም፣ ዙሪያው ጎማ የለውም። ሳሎን ላይ አላደርገውም።

ከጁገል

ስለ ድርብ መስታወቱ ማንም ያላነሣው አለ። የት ነው የታሸገው? አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ፣ ድሬ 1,200 ገደማ ነው። አዲስ አበባ የታሸገ ድርብ መስታወት ድሬ ሲወርድ የውጭው ግፊት ስለሚበልጥ ሁለቱ መስታወቶች ወደ ውስጥ ይሰረጉዳሉ። ከባሕር ጠረፍ ታሽጎ ሐረር ቢመጣ ደግሞ ወደ ውጭ ያብጣል፤ ሐረር 1,900 ገደማ ነው። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ቆም ብለህ የመብራት ምሰሶ ነጸብራቅ መስታወቱ ላይ እይ፤ ከታጠፈ ታሽጎ የመጣው ከሌላ ከፍታ ሊሆን ይችላል። ትልቁ መስታወት ይታጠፋል፣ ትንሹ መታጠፍ ስለማይችል ጫናው ወደ ማሸጊያው ይሄዳል። ማሸጊያው ከለቀቀ መካከሉ ላይ ላብ ይይዛል፤ አይወለወልም፣ መቀየር ብቻ ነው። ድርብ ከፈለግህ እዚያው ድሬ የሚታሸግ፣ ወይም ግፊቱ ከተስተካከለ በኋላ የሚደፈን ቀጭን ቱቦ ያለው ይሁን።

የሳቢያን ቤት

ገባኝ። ለሳሎን ነጠላ አልሙኒየም ባለ 1.6 ከውጭ ጥላ ጋር፣ ለመኝታ ቤት የሚከፈት አልሙኒየም፣ ለመታጠቢያ ብረት። የትንኝ ወንፊትስ እንዴት ይገጠማል?

ካሊፐር

ድሬ ላይ ወንፊት የግድ ነው። በ2006 ዴንጊ፣ በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉንያ ገብቶ ነበር፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው ቀን ነው፣ ስለዚህ አጎበር ብቻ አይበቃም። ተራው 18 በ16 ቀዳዳ በኢንች ያለው ይሆናል። የፋይበር ወንፊት ፀሐይ ይሰባብረዋል፣ የአልሙኒየም ወይም የስቴይንለስ ይሁን።

ወደ ውጭ ለሚከፈተው የመኝታ ቤት መስኮት ወንፊቱ ከውስጥ በራሱ ማጠፊያ ይሰቀላል፤ እጀታውን ለመድረስ እሱን መክፈት አለብህ፣ ይህ ጣጣው ነው። ለሳሎኑ ተንሸራታች ውሉ ላይ «ባለ ሦስት ሃዲድ» ብለህ አስጽፍ፤ ሁለቱ ለመስታወት፣ ሦስተኛው ለወንፊት። በሁለት ሃዲድ ከተሠራ በኋላ ወንፊት የሚገባበት ቦታ የለም፤ ከውጭ በብሎን ይለጠፋል፣ መስታወቱን ለመጥረግም በየጊዜው መንቀል ይመጣል። ከሃዲዱ ሥር ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ደግሞ በየወሩ በሽቦ ውጋቸው፤ አቧራ ከደፈናቸው የመጀመሪያው ዶፍ ዝናብ የሚፈሰው ወደ ሳሎኑ ነው።