በድሮው የጣሊያን ሰንደቅ ዓላማ መካከል ያለው መስቀል የማን ነው?

ጥያቄ (ከፎቶ ማኅደር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአያቴ በቀረልኝ የፎቶግራፍ ማኅደር ውስጥ በወረራው ዘመን አዲስ አበባ ላይ የተነሣ ምስል አለ። ከአንድ ትልቅ ሕንፃ በላይ የጣሊያን ሰንደቅ ዓላማ ይውለበለባል፤ በመካከሉ ግን ጋሻ፣ በጋሻው ላይ መስቀል፣ ከጋሻው በላይ ደግሞ ዘውድ ይታያል። ፎቶው ጥቁርና ነጭ በመሆኑ ቀለሙን መለየት አልቻልኩም። አጎቴ መስቀሉ የስዊዘርላንድ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን የስዊዝ መስቀል እዚያ ምን ሊሠራ መጣ ብዬ ተጠራጠርኩ። ሌላ ፎቶ ላይ ደግሞ ያው ጋሻ ያለ ዘውድ ይታያል። የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ (ጋሻና ዘውድ)፦
አጎትዎ የተሳሳቱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱም በቀይ መደብ ላይ ያረፈ ነጭ መስቀል ነውና። ልዩነቱ የስዊዙ መስቀል ከዳር የማይደርስ ሲሆን እርስዎ ያዩት ግን ከጋሻው ጠርዝ እስከ ጠርዝ የተዘረጋ መሆኑ ነው። ይህ የሳቮያ ቤት አርማ ነው። ሳቮያዎች በአልፕስ ተራሮች ግራና ቀኝ ይገዙ የነበሩ መሳፍንት ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1416 የዱክነት ማዕረግ፣ በ1720 የሰርዴኛን ንግሥና አግኝተው፣ በ1861 የተባበረችው ጣሊያን ነገሥታት ሆኑ። በዓድዋ ጦርነት ጊዜ የነበረው ንጉሥ ኡምቤርቶ ቀዳማዊም፣ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ተብሎ የታወጀለት ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሣልሳዊም የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው።

ጋሻው ሰንደቅ ዓላማው ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1848 ነው። የሰርዴኛው ንጉሥ ካርሎ አልቤርቶ ሦስቱን ቀለማት (አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ) ሲቀበል የቤተሰቡን አርማ መካከል ላይ አኖረው፤ ይኸውም የአብዮተኞች ምልክት የነበረውን ባንዲራ የንጉሥ ባንዲራ ለማድረግ ነው ብዬ እረዳዋለሁ። ሆኖም አንድ ችግር ገጠመ። የመስቀሉ ጫፎች ነጭ፣ ጋሻው ያረፈበት መደብም ነጭ ስለሆነ መስቀሉ ከመደቡ ጋር ሊዋሐድ ሆነ። ስለዚህ ጋሻው ዙሪያውን በሰማያዊ ተከበበ፤ ሰማያዊም የዚያው ቤት ቀለም ነበር። የጣሊያን ኳስ ተጫዋቾች እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ የሚለብሱት ሰማያዊ ማልያ፣ በባንዲራቸው ላይ የሌለ ቀለም ሆኖ ሳለ፣ መነሻው ይኸው ነው።

መልስ (ከቶሪኖ)፦
እኔ በምኖርበት በቶሪኖ ከተማ ይህ መስቀል በቤተ መንግሥቱም በአብያተ ክርስቲያናቱም ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ድንበሩን ተሻግረው ወደ ሻምቤሪ ቢሄዱም ያው መስቀል ይውለበለባል፤ የጥንቱ የሳቮያ አገር እ.ኤ.አ. በ1860 ለፈረንሳይ ቢሰጥም ሕዝቡ ምልክቱን አልተወም። እዚህ ሲነገር እንደሰማሁት ከሆነ፣ መስቀሉ የተገኘው አንድ የሳቮያ መስፍን የሮድስን ደሴት ከቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች (ከመስቀል ጦርነት ዘመን የመነኮሳት ወታደሮች ማኅበር) ጋር ሆኖ ስለተዋጋ ነው።

መልስ (ጋሻና ዘውድ)፦
የሮድሱ ታሪክ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ዘመኑ አይገጥምም። ፈረሰኞቹ ሮድስን የያዙት በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሲሆን፣ መስቀሉ ከዚያ አስቀድሞ በሳቮያ ማኅተሞች ላይ ይታያል። ከመስቀሉ በፊት የነበረው የቤቱ ምልክትም ንስር ነው። የፈረሰኞቹ ባንዲራም በቀይ ላይ ነጭ መስቀል መሆኑ ተረቱን ሳያሳምረው አልቀረም።

ስለ ዘውዱ፦ ባለ ዘውዱ ባንዲራ የመንግሥት ነበር፤ በቤተ መንግሥት፣ በመሥሪያ ቤቶችና በሌጋሲዮኖች (በውጭ አገር ባሉ የመንግሥቱ መልእክተኞች ጽሕፈት ቤቶች) ላይ ይሰቀል ነበር። ያለ ዘውድ የሆነው ለሕዝብ የተፈቀደው ነው።

ጠያቂው (ከፎቶ ማኅደር)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው ባለ ዘውዱ ፎቶዬ ላይ ያለው ሕንፃ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይሆን አይቀርም፤ እኛ ቤት ግን እስከ ዛሬ የነጋዴ መኖሪያ ነው ሲባል ነበር። አርማው ከሰንደቅ ዓላማው ላይ መቼ ተነሣ?

መልስ (ከቶሪኖ)፦
እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 1946 ሕዝቡ በድምፁ ንጉሡን ሽሮ ሪፐብሊክን ሲመርጥ። በዚያው ወር ጋሻው ተነሥቶ ሦስቱ ቀለማት ብቻ ቀሩ።